ሁለት መቶ እርምጃ

በግንቦት መባቻ፣ ሽቦው ባዶውን ሲያፏጭ በነፋስ፣
ሁለት ቆርቆሮ አንጠልጥዬ እወጣለሁ፣ መንገድ ላድስ፤
አንደኛው ቀይ፣ ሌላኛው ነጭ የያዘ፣
ብሩሼም እንደ ጉልበቴ ጫፉ የደነዘዘ።

ሥራውን ያወረሰኝ ሽማግሌ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦
«ምልክት የምትቀባው እግር በሌለው ነገር፤
አለት ላይ፣ ዛፍ ላይ፣ ያም ካልተገኘ ግድግዳ፤
መንገደኛው ሰው ነው እንጂ፣ ምልክት አይሆንም እንግዳ።»

ታዲያ ሳቪንያ ሸለቆ አለት የለ፣ ዛፍ የለ፣
ሰባት ሜትር ቋሚ ብቻ፣ ከራስ እስከ ራስ ሽቦ የተንጠለጠለ፤
በሽቦው የሚወጣው ሆፕ ነው፣ የቢራ ጌሾ፣ መራራው፣
ፀሐይ በዞረችበት የሚዞር፣ ማንም የማይገራው፤
ወደ ሌላ ብትጠመዝዘው ሌሊቱን ይፈታና
ማለዳ ታገኘዋለህ፣ ተመልሶ በራሱ ጎዳና።

ሰኔ ላይ ትከሻ ነው፤ ነሐሴ ላይ ሰማይ ያክላል፤
መንገዱ ጠቦ፣ ጨልሞ፣ አረንጓዴ ጉሮሮ ይመስላል።
ፍሬውን ነካ ብታደርግ ጣትህ ቢጫ ነው እስከ ማታ፤
የሎሚ ልጣጭ ሸተተኝ ስትል፣ ሽንኩርት ይሆናል ለአፍታ።
ከዚያ መኪናው መጥቶ፣ በሁለት ሳምንት ቆርጦ ሲጨርስ፣
ሸለቆው ጣራው ተገፎ ይቆማል ያለ ልብስ፤
ከዚህ ሆነህ የማዶው ደወል ቤት፣ የማዶው ውሻ ይታያል።
ሰው መንገድ የሚስተውም ያኔ ነው፤ ሁሉ ይታየኛል ሲል።

ባለፈው መስከረም ደብዳቤ መጣ፣ ከግራትስ የተጻፈ፦
«ምልክታችሁን ተከትለን ሰው ግቢ ገባን፤ መንገዱ በየት አለፈ?
ዶሮ አለ፤ የተሰጣ አንሶላ አለ፤ አንዲት አሮጊት አለች፤
አልተቆጣችም። ፖም ሰጠችን። ‹ተቀመጡ› አለች።»

ስሞታ ይሁን ምስጋና ሳይገባኝ ቆርቆሮዎቼን አነሳሁ፤
ሦስተኛ ጨምሬ፣ ቡናማ፣ ማጥፊያ፤ ቋሚ እየቆጠርኩ መጣሁ።

የአንዘልም ማሳ የለም።

በሽታ ገብቶበት ኖሮ፣ በሕግ ተነቅሏል ከነሥሩ፤
አንዘልምም በዚያው ክረምት ሄደ፤ ሐኪም ስም አላወጣም ለነገሩ።
ቋሚዎቹን ጎረቤት ገዝቶ በትራክተር ጫነ፤
አንዱን ብቻ ኔዥካ ከጓሮዋ ተከለችው፤ የልብስ ማስጫ ሆነ።

በላዩ የኔ ክብ አለ፣ ዙሪያው ቀይ፣ መሃሉ ነጣ ያለ፤
አንዲት የቀይ ጠብታ ወርዳለች። ያኔ፣
አንዘልም ቆርቆሮ ይዞልኝ ስለ አማቱ አንድ ነገር አለ፣
ሳቅሁ፤ እጄ ሳተ፤ ቀረ እንዳለ።

«ዛሬ ሦስት» አለች ኔዥካ፣ ማን ነህም ሳትለኝ ቀድማ፣
«አንዷ ተረከዟ ተልጦ፣ ጫማዋን በእጇ ተሸክማ።
ትናንት ማንም፤ ዝናብ ነበር። እሑድ ስምንት፣ ከነውሻቸው።
መጀመሪያ ሰሞን ሌባ መስለውኝ በመጥረጊያ ነበር የምቀበላቸው።»

«ሕጉ እኮ...» አልኩ፣ ቡናማውን ከከረጢቴ እያወጣሁ፣
«ሰው ያሳስታል፤ ላጠፋው ነው የመጣሁ።»
«ማንን አሳሳተ?» አለች። አንሶላዋን አራገፈች።
«ከዚህ ወጥቶ የጠፋ የለም። ወንዙ በዚያ ነው» ብላ በአገጯ አሳየች።

ክዳኑን በሳንቲም ታገልኩት፤ ደርቆ እምቢ አለ፤
ወይም እኔ አልገፋሁም።
                     ፖሙን በላሁ። ይኮመጥጣል፤ ግን ይበላል።

ካርታው ላይ መስመሩ ዛሬም ቀጥ ያለ ነው፤ አልነካሁትም፤
እግር ግን ሁለት መቶ እርምጃ ይታጠፋል። ለማንም አልተናገርኩም።
በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ፣ ከዶሮዎቹ ፊት አልፎ፣
በእርጥብ አንሶላ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ትንሽ አርፎ፣
በፖም ዛፉ በኩል ይወጣል። እዚያ አዲስ ክብ ቀባሁ፤
ዛፍ ነው፤ አይሄድም፤ በሽማግሌው ሕግ አደርኩ፣ በሰላም ወጣሁ።

«መቼ ትመለሳለህ?» አለች፣ ብሩሼን ስጠርግ ቆማ።
«ቀለሙ ሲደበዝዝ ነው» አልኳት።
«እንግዲያው» አለች፣ «አታወፍረው፤ ሳሳ አድርገህ ቀባማ።»